የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተረሳ ሰው በምን ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ ከአያቴ እናት የቀረን የመጠሪያ ስሟ ብቻ ነው። የጎጃም ሰው ነበረች፤ መቃብሯ ላይ ጽሑፍ የለም፣ የተወለደችበትን ዓመትም የሚያውቅ የለም። ታሪኳን ለመጻፍ ከየት ልጀምር?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በመጠሪያ ስሟ አይጀምሩ፤ ወረቀት ላይ በዚያ ስም ላትገኝ ትችላለች። የሚያዋጣው የክርስትና ስሟንና ርስቷን ተከትሎ መሄድ ነው።

የክርስትና ስም የሚነሣው በጸሎት፣ በፍትሐትና በተዝካር ጊዜ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን «ስሟ ማን ነበር?» ከማለት ይልቅ «ተዝካሯ ሲወጣ በማን ስም ተጸለየላት?» ብለው ይጠይቁ። ወለተ ማርያም ወይም አመተ ሚካኤል ካሉዎት ወደ አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። በብራና መጻሕፍት መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾችና በኅዳጉ (በገጹ ጠርዝ) ላይ መጽሐፍ የሰጠ ሰው፣ የመሬት ስጦታና የእማኞች ስም ይጻፍ ነበር፤ ሰጪዎቹም ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው። ነገር ግን ወለተ ማርያም የምትባል ሴት በየአጥቢያው ሞልታለች። የባሏ ወይም የልጇ ስም አብሮ ካልተገኘ «ይቺ እሷ ናት» ብለው አይጻፉ። ብዙ የቤተሰብ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ርስት ደግሞ ለሴቶች ታሪክ ትልቅ ሀብት ነው። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ርስት የሚካሰስ ሰው እስከ አቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው) ሲቆጥር ሴት አያቶቹንም መጥራት ነበረበት። ከአባት ወደ አባት በሚሄደው የስም አቆጣጠር የጠፉ ሴቶች በክርክሩ ወረቀት ላይ በስማቸው ቆመዋል። ዘመዶችዎ ሣጥን ውስጥ የፍርድ ግልባጭ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም ኑዛዜ መኖሩን ይጠይቁ። ለታሪክ ፈላጊ አንድ የፍርድ ግልባጭ ከብዙ ሰዓት ወግ ይበልጣል።

ዕድሜዋን በዓመት ቁጥር አይጠይቁ። «የኅዳር በሽታ ሲገባ አግብታ ነበር? ማይጨው ሲዘመት ስንት ልጅ ነበራት?» ይበሉ። የመጀመሪያው 1911፣ ሁለተኛው 1928 ዓ.ም. ነው። «በዘመነ ሉቃስ ተወለደች» የሚል ካገኙ ደግሞ፣ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ስለሚጠሩ፣ በሚገምቱት ዓመት ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ በኅዳር በሽታ ጊዜ እየሮጠች የምትጫወት ልጅ ከነበረች 1903 ወይም 1907 ይሆናል፤ ሁለቱም ሉቃስ ናቸው። የታላቅ ወይም የታናሽ ዕድሜ አንዱን ይለይልዎታል።

ጥያቄ፦ የብራናውን ጽሑፍ ፎቶ ለማንሣት ምን ያስፈልጋል? እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ከዚህስ የማገኘው ነገር አለ?
(አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ በቅድሚያ የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ መያዝ ነገሩን ያቀለዋል። መጽሐፉን የሚገልጡት አባቶች ይሁኑ። ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ይነጠፍ፤ እስከ መጨረሻው ተለጥጦ ከተከፈተ ስፌቱ ይላላል። ፍላሽ ይጥፋ። መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ቀጥሎ ሙሉውን ገጽ፣ በመጨረሻ ማስታወሻውን ብቻ ያንሡ፤ የገጹንም ተራ ይመዝግቡ። ያለ ሙሉው ገጽ የተነሣ ማስታወሻ ከየት መጽሐፍ እንደሆነ ኋላ ሊታወቅ አይችልም። የደበዘዘ ጽሑፍ አንዳንዴ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይታያል። በውኃ የሚያርሱት አሉ፤ ፈጽሞ አያድርጉት፣ ቀለሙ ይፈስሳል።

እዚያው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ባለው ሂል ሙዚየም፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሡ የብዙ ሺህ ብራናዎች ማይክሮፊልም አለ፤ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። በደብሩ ስም ይፈልጉ።

የፈረንጅ ወይም የጣሊያን ሰነድ ካገኙ ዘመኑን ሁልጊዜ በ8 አይቀንሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው። ኅዳር 1911 በነሱ ኖቬምበር 1918 ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ግን ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው።