ክፍት በተባለ መስፈርት ውስጥ ባለቤት ሲገኝ፦ የድር ሶፍትዌር ለምትሠሩ ወጣቶች

የአንድን መስፈርት ሰነድ በነጻ ማውረድ ቻላችሁ ማለት በሰነዱ የተጻፈውን በነጻ መሥራት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልነሣ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የጻፋችሁትን ኮድ ነው፤ ሌላው ሰው ያንኑ ሥራ በራሱ አጻጻፍ ቢሠራው የሚከለክለው የለም። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ግን የሚይዘው ስልቱን ራሱን ነው። ከማንም አንዲት መስመር ሳትገለብጡ፣ ፓተንት መኖሩንም ሳትሰሙ፣ ከገዛ አእምሯችሁ አፍልቃችሁ የጻፋችሁት ኮድ ሊያስከስሳችሁ ይችላል።

ጊፍ የተባለውን የምስል ዓይነት ተመልከቱ። ኮምፒዩሰርቭ የተባለ ድርጅት በ1987 ሲያወጣው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ካልሆኑ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማንም እንዲሠራበት ሰነዱን አሰራጭቶ ነበር። የምስሉን መረጃ አጠቅልሎ የሚያሳንሰው ኤልዜድደብሊው የተባለው ስልት ቴሪ ዌልች በ1984 በሙያ መጽሔት ላይ ያሳተመው ነው። መጽሔቱን ያነበበ ፕሮግራመር ሁሉ ስልቱ የሁሉም ነው ብሎ ተጠቀመበት። የፓተንቱ ማመልከቻ ግን ከጽሑፉ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በጁን 1983 ገብቶ ነበር። በ1985 ጸደቀ፤ ቀጥሎም ዩኒሲስ በተባለ የኮምፒውተር ድርጅት እጅ ገባ። ክፍያ የሚጠየቅ መሆኑ በይፋ የተነገረው በዲሴምበር 1994 ነው። ጊፍ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎ፣ ድር በጊፍ ምስሎች ከሞላ በኋላ ማለት ነው።

ጉዳቱን ያከፋው ይህ መዘግየት ነው። በ1987 ቢነገር ኖሮ ሌላ ስልት መምረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። በ1994 ግን እያንዳንዱ ብራውዘር፣ እያንዳንዱ የምስል ማረሚያ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ታስሮበታል። ፕሮግራመሮች ተሰባስበው በ1995 ፒኤንጂ የተባለውን የምስል ዓይነት ነደፉ፤ ኤልዜድደብሊውን ትተው ዴፍሌት የተባለውን ስልት ተጠቀሙ፤ በኦክቶበር 1996 የድር መስፈርቶችን የሚያወጣው ደብሊው3ሲ ተቀበለው። በጥራቱ ከጊፍ የላቀ ነበር። ሆኖም ተንቀሳቃሽ ምስል ስላልያዘ ጊፍ አልሞተም። የአሜሪካው ፓተንት ጁን 20 ቀን 2003 እስኪያልቅ ድረስ ሰዎች ከሁለቱ ጋር ሲታገሉ ቆዩ፤ በአውሮፓና በጃፓን ደግሞ እስከ 2004። ጄፔግ የተባለው የፎቶ ዓይነትም ከዚህ አላመለጠም። ፎርጀንት የተባለ ድርጅት በ1980ዎቹ የወጣ ፓተንት ይዞ በ2002 ብቅ አለና ፓተንቱ ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ።

ደብሊው3ሲ ከዚህ የተማረውን በደንብ ብታውቁ እወዳለሁ፤ በየቀኑ ይጠቅማችኋል። በኦገስት 2001 ለውይይት የቀረበው ረቂቅ ደንብ በመስፈርቶች ውስጥ «ምክንያታዊና አድልዎ የሌለበት» ክፍያ የሚጠየቅባቸው ፓተንቶች እንዲገቡ የሚፈቅድ ነበር። ቃሉ ሲሰማ ደስ ይላል። ነገር ግን በቅጂ ብዛት የሚከፈል ዋጋ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ማን ስንት ጊዜ እንደገለበጠው ሊቆጠር ለማይችል ነጻ ሶፍትዌር የሚከፈል አይደለም። ለትልቅ ድርጅት ምክንያታዊ የሆነው ኮዱን ለሁሉም ለሚሰጥ ሰው እገዳ ነው። ተቃውሞው በረታ፤ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2004 የጸደቀው ደንብም ከክፍያ ነጻ የሆነውን መንገድ ያዘ። ድርም ቢሆን ሲወለድ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ድር የተፈጠረበት የምርምር ማዕከል ሰርን በኤፕሪል 1993 የድርን ሶፍትዌር ለሕዝብ ሲለቅ፣ ተፎካካሪው ጎፈር በዚያው ዓመት ክፍያ ሊጠየቅበት ነው በመባሉ ሰው ሸሽቶታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥራ ቡድን የመጀመሪያውን ይፋዊ ረቂቅ ካወጣበት ቀን ጀምሮ የቡድኑ አባል ድርጅቶች 150 ቀን አላቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ይህን ፓተንቴን በነጻ አልሰጥም» ብሎ በቁጥር ለይቶ ያላስወጣ ድርጅት በረቂቁ ውስጥ ላለው ነገር አስፈላጊ የሆነውን ፓተንቱን በነጻ የመስጠት ግዴታ ይገባል። ኋላ ላይ ለተጨመረው ነገር ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ጊዜ አለ። ያስወጣ ከተገኘ ጉዳዩን የሚመረምር የፓተንት አማካሪ ቡድን ይቋቋማል፤ መስፈርቱን ማሻሻል፣ ክፍሉን መተው ወይም ሥራውን ማቆም ድረስ ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ የደብሊው3ሲ ሰነድ ስትከፍቱ ወደ ኮዱ ምሳሌ አትሩጡ። ከላይ የሰነዱን ደረጃ የሚገልጸውን ክፍል አንብቡ። እዚያ የፓተንት መግለጫዎች ዝርዝር ማስፈንጠሪያ አለ፤ ክፈቱት። ከዚያ ሰነዱን ያወጣው የሥራ ቡድን ነው ወይስ የማኅበረሰብ ቡድን የሚለውን ለዩ። የሁለቱ መልክ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይምታታበታል። በማኅበረሰብ ቡድን ሪፖርት ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ ግዴታ የሚገባው ራሱ ላዋጣው ነገር ነው፤ ለመላው ሰነድ የሚሰጠው የመጨረሻ ስምምነት በፈቃደኝነት የሚፈረም ነው። ብራውዘሮች ቀድመው ስለሠሩት ብቻ አልቆለታል ብላችሁ ምርታችሁን አትገንቡበት። የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ደግሞ በሌላ ደንብ ነው የሚሠራው፦ ተሳታፊው የሚያውቀውን ፓተንት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል እንጂ በነጻ እንዲሰጥ አያስገድድም። መግለጫዎቹን በሰነዱ ቁጥር መፈለግ ይቻላል፤ የፈቃዱ ሁኔታም ከነጻ እስከ ክፍያ ድረስ ይለያያል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን የሚያስረው ቡድኑ ውስጥ የተቀመጠውን ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣውን አያስቆምም። ኢዮላስ የተባለው ድርጅት ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። በኦክቶበር 1994 የተጠየቀውና በ1998 የጸደቀው ፓተንት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የመጠቀሙ መብት የኢዮላስ። በድረ ገጽ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ማሳየትን ሁሉ ይሸፍናል ተባለ። በ2003 የጁሪ (ከዜጎች የተመረጠ ፈራጅ ቡድን) ውሳኔ ማይክሮሶፍት ወደ 521 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ የፓተንት ቢሮው እንደገና እንዲመረምረው በዚያው ዓመት ጻፈ፤ ቢሮው ግን በ2005 ፓተንቱን አጸናው። ማይክሮሶፍትና ኢዮላስ በ2007 ታረቁ፤ ኢዮላስም በ2009 ሌሎች ከ20 በላይ ድርጅቶችን ከሰሰ። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 2012 በቴክሳስ ታይለር ከተማ የተሰየመ ጁሪ ፓተንቶቹን ዋጋ አሳጣቸው። ተከሳሾቹ ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ፔይ ዩዋን ዌይ ከማመልከቻው በፊት የሠራው ቫዮላ የተባለ ብራውዘር ነበር።

ፓተንት እንዴት እንደሚነበብ ከዚሁ ጉዳይ ተማሩ። ርእሱንና መግቢያውን አይታችሁ አትደንግጡ፤ መብቱ ያለው መጨረሻ ላይ ክሌም ተብለው በቁጥር በተዘረዘሩት አንቀጾች ነው። በሌላ አንቀጽ ላይ ያልተንጠለጠለውን ለዩና በወረቀት ላይ ክፍል በክፍል ቁረጡት። የእናንተ ሥራ እያንዳንዱን ክፍል ካልያዘ በቃሉ መሠረት አልጣሰም። ፍርድ ቤት «ተመሳሳይ ነው» ሊል የሚችልበት መንገድ ስላለ ለጠበቃ የሚተው ነገር አለ፤ ቢሆንም መነሻው ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 ብራውዘሩን የቀየረው በዚሁ ስሌት ነበር። ክሌሙ ፕሮግራሙ «በራሱ» እንዲነሣ ይል ስለነበር ተጠቃሚው አንድ ጊዜ እንዲጫን ተደረገ፤ «በራሱ» የሚለው ክፍል ወደቀ። በዓለም ዙሪያ የድረ ገጽ ባለቤቶች ገጻቸውን እንደገና ለማስተካከል የተገደዱት ለዚህች አንዲት ቃል ነው።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ። በአሜሪካ ከጁን 8 ቀን 1995 ወዲህ የገባ ማመልከቻ ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ይቆያል። ባለቤቱ ከጸደቀ በኋላ በ3 ዓመት ተኩል፣ በ7 ዓመት ተኩልና በ11 ዓመት ተኩል ማደሻ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ይሞታል። ስለዚህ በፍለጋ ያገኛችሁት ፓተንት በሕይወት መኖሩን ሳታረጋግጡ ሥራችሁን አትጣሉ። በተቃራኒው ማመልከቻ በአብዛኛው የሚታተመው ከገባ 18 ወር ቆይቶ ነው። የቱንም ያህል ብትፈልጉ ያለፈው አንድ ዓመት ተኩል ጨለማ ነው፤ «ፈልጌ አጣሁ» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ፓተንት ከመፈለጋችሁ በፊት የድርጅቱን የሕግ ክፍል ጠይቁ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት እያወቁ ለተፈጸመ ጥሰት ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ በኢሜይል የላካችሁት አንድ የፓተንት ቁጥር ማስረጃ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ቪዲዮ ለብቻው ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ኤችቲኤምኤል5 ሲነደፍ ሁሉም ብራውዘር የሚያጫውተው አንድ የቪዲዮ ዓይነት ይኑር የሚለው አሳብ በ2009 የወደቀው አምራቾቹ በፓተንት ምክንያት መስማማት ስላቃታቸው ነው። ኤች.264 የተባለው የቪዲዮ ማሳነሻ ስልት በየዓመቱ እስከ 100,000 ቅጂ ነጻ ሆኖ ከዚያ በላይ በቅጂ 20 ሳንቲም፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ 10 ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ይጠየቅበት ነበር፤ ከ2011 እስከ 2015 የአንድ ድርጅት ጣሪያ በዓመት 6.5 ሚሊዮን ነበር። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በኦክቶበር 2013 ክፍያውን እኔ እሸፍናለሁ ብሎ ኦፕንኤች264 የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው፦ የተሸፈነው ሲስኮ ራሱ ኮምፓይል አድርጎ የሚያድለው፣ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ለብቻው የሚወርደው ፋይል ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ወስዳችሁ ራሳችሁ ኮምፓይል ካደረጋችሁት ሽፋኑ አይከተላችሁም። በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለው የቪዲዮ ዓይነት ከክፍያ ነጻ እንዲሆን ታስቦ የተነደፈ ነው፤ ያም ሆኖ ሲስቬል የተባለ ድርጅት ኤቪ1ን የሚነኩ ፓተንቶች አሉ ብሎ የክፍያ ዝርዝር አውጥቷል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ይህ ለሁላችን ትልቅ ነገር ነበር። ፊደል በስክሪን ላይ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚያደርገው፣ ትሩታይፕ በተባለው የፊደል ፋይል ውስጥ ያለው መመሪያ ግን በአፕል ፓተንቶች የተያዘ ስለነበር፣ ፍሪታይፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር እስከ 2010 ድረስ ያንን ክፍል ዘግቶ ይለቀቅ ነበር። ፓተንቶቹ በሜይ 2010 አለቁ፤ በዚያው ዓመት ተከፈተ።

ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ስትመርጡ የላይሰንሱን፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ ስም ብቻ አትዩ። ኤምአይቲና ቢኤስዲ ስለ ፓተንት በግልጽ የሚሉት የለም። አፓቺ 2.0 በሦስተኛው አንቀጹ አዋጪዎቹ የፓተንት ፈቃድ እንደሰጡ ይጽፋል፤ በዚያው ሶፍትዌር የተነሣ የፓተንት ክስ የሚከፍት ሰው ፈቃዱን ያጣል። ሪአክት የተባለው የፌስቡክ ላይብረሪ በአንድ ወቅት ከቢኤስዲ ጋር የተለየ የፓተንት አባሪ ነበረው፤ ፌስቡክን በማንኛውም ፓተንት የከሰሰ ሰው ፈቃዱን እንዲያጣ የሚያደርግ ነበር። በ2017 አፓቺ ፋውንዴሽን በፕሮጀክቶቹ እንዳይገባ ከለከለው፤ በሴፕቴምበር ወር ፌስቡክ ወደ ኤምአይቲ ቀየረው። መመልከት ያለባችሁ ፋይሎቹን ነው፦ ከላይሰንሱ ጎን ሌላ የፓተንት ፋይል ካለ ሳታነቡ አትለፉ።

የራሳችሁን ሥራ ማንም በኋላ መጥቶ እንዳይይዘው ደግሞ በጽሑፍ አውጡት። በአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ፊት የሚካሄደው የግምገማ ክርክር የሚቀበለው ፓተንቶችንና የታተሙ ጽሑፎችን ነው፤ የሚሠራ ፕሮግራም ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ኮዱን ከመለጠፍ ጋር ስልቱ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ፣ ቀን ያለው፣ በፍለጋ የሚገኝ ሰነድ ጻፉ፤ ገጹንም ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የድረ ገጾች መዝገብ አስቀምጡት። መጥፎ ማመልከቻ ታትሞ ካያችሁ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፦ ማንም ሰው ቀድሞ የነበረ ሥራን የሚያሳይ ሰነድ ከአጭር ማብራሪያ ጋር ለቢሮው ማቅረብ ይችላል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ከታተመ 6 ወር ወይም የመጀመሪያው ውድቅ ማድረግ፣ ከሁለቱ የዘገየው ሳያልፍ፣ የማጽደቂያ ማስታወቂያም ሳይላክ መድረስ አለበት። ክስ ለደረሰው ሰው ደግሞ የግምገማ ጥያቄው ቀነ ገደብ መጥሪያው ከደረሰ አንድ ዓመት ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ «ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። እርግጥ ነው የኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች ውጭ አድርጎታል፤ ጥበቃው የሚገኘው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ፓተንት የሚሠራውም በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። ሆኖም ደንበኛችሁ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ተቀምጦ ሶፍትዌሩን እዚያ ከሸጠ ክሱ እሱ ጋ ይደርሳል፤ ከእሱም በኮንትራቱ በኩል ወደ እናንተ ይመጣል። አብዛኛው የፍሪላንስ ውል «ሥራው የማንንም መብት አይጥስም፤ ከጣሰ ሠሪው ካሳ ይከፍላል» የሚል አንቀጽ አለው። እንዳለ አትፈርሙት። «እስከማውቀው ድረስ» የሚለው ይጨመር፤ የካሳው ጣሪያ ለሥራው ከተከፈላችሁ ገንዘብ አይለፍ፤ ደንበኛው ራሱ ያዘዘው መስፈርት ወይም ላይብረሪ ያስከተለው ጥሰት ከእናንተ ላይ ይውረድ። ከዚያ ደንበኛው ኤች.264 ይሁን ካለ ትእዛዙን በስልክ አትቀበሉ፤ በኢሜይል እንዲልክላችሁ ጠይቁና ከውሉ ጋር አስቀምጡት።