የአባትሽ ቮልስ የፊት መብራት፦ ብር ከመክፈልሽ በፊት መስታወቱን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን አየሁት። የአባትሽን ቮልስ ቀለም ከማስቀባትሽ በፊት የፊት መብራቷን ወደ ዘመኗ መመለስ ፈልገሻል። መስታወቱ ወደ ኋላ ጋደም ያለው መብራት ነው ልኳ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ወይስ ሁሉም ቀርቶ ኤልኢዲ ይግባባት? ከስር "ኤልኢዲ አርጊና ተገላገዪ" ብለው ከጻፉልሽ ሰዎች መሐል ቮልስ ያለው አንድም ያለ አይመስለኝም።

1. ዘመኗን በቤተሰብ ወሬ አትወስኚ። "በ59 ነው የተገዛችው" ብለሻል። የአባትሽ 59 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ከመስከረም 1966 እስከ መስከረም 1967 ማለት ነው። ይህን ሳያስተውሉ በኢንተርኔት የ1959 እ.ኤ.አ. ሞዴል ዕቃ አዝዘው የተቃጠሉ አሉ። ደግሞ ፋብሪካው አዲስ ሞዴል የሚጀምረው በየኦገስቱ ነበር። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ጋደም ያለ መብራት ነው ያላቸው። ከኦገስት 1967 በኋላ የወጡት፣ ማለትም የ1968 ሞዴሎቹ፣ ቀጥ ያለውን ይዘው መጡ። የአባትሽ መኪና ድንበሩ ላይ ናት።

ስለዚህ የኋላ ወንበሩን አንሺ። መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመቷል። በ117 ከጀመረ የ1967 ሞዴል ናት፣ በ118 ከጀመረ የ1968። ሊብሬው ሌላ ቢል እኔ የማምነው ብረቱን ነው። እዚያው እያለሽ ባትሪውንም እይው፤ ሦስት ክዳን ካለው 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ካለው 12።

የለጠፍሽው ፎቶ ላይ ደግሞ የገረመኝ ነገር አለ። መብራቱ ቀጥ ያለው ነው፤ ፓራውልቱ ግን የድሮው፣ ጠርዙ ክብ ያለው ነው። የ1968ቱ ፓራውልት ጠፍጣፋ ነው። እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ቤንዚን ስትቀጂ ኮፈን ትከፍቻለሽ ወይስ በቀኝ ጎን በኩል ትንሽ በር አላት? ኮፈን የምትከፍቺ ከሆነ መኪናዋ የድሮዋ ናት፤ አንዱ ጋራዥ ከግጭት በኋላ ያገኘውን የኋለኛ ዘመን ፓራፋንጎ ገጥሞባት ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የተደባለቁ ሞልተዋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የ1967 ሞዴል ከፋብሪካው ሲወጣም ቀጥ ያለ መብራትና የድሮውን ፓራውልት አንድ ላይ ነበረው። የፍጥነት መለኪያሽ በማይል የሚቆጥር ከሆነ ምንም ሳትነኪ ተያት፤ እንደዚያ ዓይነት እዚህ አገር ማግኘት ዕድል ነው።

ጋደም ያለውን መመለስ ካለብሽ መብራቱን ብቻ መግዛት ዋጋ የለውም። ፓራፋንጎው ላይ ያለው ቀዳዳ ራሱ ቅርጹ ሌላ ነው፤ የፓራውልት ማሰሪያው መውጫም ይለያል። መጀመሪያ ፓራፋንጎ ፈልጊ። "በላሜራና በስቱኮ አስተካክልልሻለሁ" የሚልሽን ቀጥቃጭ አመስግነሽ ውጪ።

2. መስታወቱን ሳታነቢ ብር አትክፈዪ። እዚህ ላይ ልቆጣ ነውና ታገሺኝ።

የእኔዋ የ1965 ሞዴል ናት፣ ቁጥሯ በ115 ይጀምራል። አንዱ የመብራት መስታወቷ ተሰንጥቆ፣ ሌላው በኮላ ተይዞ ነበር። መርካቶ ውስጥ ያለ አንድ መለዋወጫ ሻጭ "ኦሪጅናል የጀርመን አለኝ፣ ሄላ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም" አለኝ። መስታወቱ ብርሃኑን ከሚያንጸባርቀው ሳህንና ከዙሪያው ቀለበት ጋር፣ ሙሉ ስብስብ። እውነትም ሄላ ነበር፣ እውነትም አዲስ ነበር። የጠየቀኝን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ይህን ግሩፕ ታነባለች።

ገጠምኩት። አምሯል። ማታ ይዣት ወጣሁ። አጭር መብራት ላይ ሆኜ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም ያበራብኛል፣ አንዱ ሚኒባስ መስኮት ከፍቶ እናቴን አንስቶ ሰደበኝ። ቤት ስመለስ ከአጥር ግንቡ ፊት አቁሜ አበራሁት። ብርሃኑ በግራ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ በቀኝ በኩል ተቆርጦ ይቀራል። ለኬንያ ወይም ለእንግሊዝ የተሠራ ነው! በግራ ለሚነዳ አገር። እኛ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ አጭር መብራታችን የቀኙን ጠርዝ ማብራት፣ ከግራ የሚመጣውን ሰው ዓይን ደግሞ መተው አለበት።

ይዤለት ሄድኩ። "ብርሃን ብርሃን ነው፣ ግራና ቀኝ ምን አገባው?" አለኝ። ከጎኑ የነበረው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ መፍትሔ አመጣ፦ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀያይረው! ሁለቱም መብራቶች ብርሃኑን የሚጥሉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ብትቀያይሪያቸው ምንም አይለወጥም። ልገልብጠው እንዳትዪ ደግሞ ጋደም ያለው መስታወት ላይና ታች አለው። ሰውየው እስከ ዛሬ አንዲት ብር አልመለሰም። በደረሰኝ ያልተሸጠ ዕቃ ስለሆነ የምከስበት ወረቀትም የለኝም፤ ደረሰኝ ስጠይቀው እንደ ሌባ ነበር ያየኝ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር ካለ አጠገቡ ቀስት ፈልጊ። መብራቱን ፊት ለፊት ስታዪው ወደ ቀኝሽ የሚያመለክት ቀስት ካለው በግራ ለሚነዱ ነው፣ አስቀምጪው። ቀስት ከሌለው የእኛ ነው። በሁለቱም ጫፍ ቀስት ካለው ለሁለቱም ይስተካከላል። ከዚያ ምልክት በፊት የተሠሩት የጀርመን መስታወቶች የሞገድ መስመርና ኬ ፊደል አላቸው፤ ለዘመኑ ልክ የሆነው እሱ ነው፣ ግን አቅጣጫውን አይነግርሽም። ስለዚህ ባትሪና አምፖል ይዘሽ ሂጂ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ አብሪው። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

የእኔን ትክክለኛ ያገኘሁት ከጀርመን በዘመድ ሻንጣ ነው። ብራዚልም ጋደም ያለውን መብራት አውሮፓ ከተወው በኋላ ለዓመታት ሠርታለች፤ እዚያ የሚመላለስ ሰው ካለሽ ጠይቂ።

3. ኤልኢዲ። አይሆንም። የድሮው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ የአጭሩ ክር ከስሩ ትንሽ ጋሻ አለችው። ሳህኑና መስታወቱ የተሠሩት ክሩ በትክክል እዚያ ነጥብ ላይ እንዲቀመጥ ታስቦ ነው። የኤልኢዲ አምፖል ውስጥ የሚበራው ነገር ቦታውም ስፋቱም ሌላ ስለሆነ ብርሃኑ ይበተናል። ለአንቺ ደማቅ ይመስልሻል፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ግን ይታወራል። የኋለኛው ዘመን ኤች 4 የሚባለው ሃሎጅን አምፖልም እንዲሁ አይገባም፤ ያንቺ ሳህን የሚቀበለው ክብ ተረከዝ ያለውን 45/40 ዋት ነው፣ ኤች 4 ግን ባለ ሦስት ጆሮ ነው። ሳህኑን በሞረድ አስፍተው የሚያስገቡ አሉ። ከቦሎ መርማሪውም የባሱ እነሱ ናቸው።

መርማሪውን ካነሳሁ፣ ለቦሎ የሄድኩበት አንድ የምርመራ ጣቢያ ሰውየው ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መብራቱን አስበራኝና "ይሄ ሻማ ነው፣ ነጭ አምፖል አስገባና ተመለስ" አለኝ። የ6 ቮልት ዲናሞ ሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ካላገኘ አይሞላም ብዬ ላስረዳው ብል "ጊዜ የለኝም" ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ። ሽማግሌ መሆኔን እንኳን አላየም። እኔ ግን ነጭ አላስገባሁም። 6 ቮልት ላይ 45 ዋት ማለት 7.5 አምፔር ነው፤ የ12 ቮልቱ እጥፍ። ዝገት የያዘች አንዲት መጋጠሚያ ብርሃኑን ትበላዋለች። የፊውዝ ሳጥኑን መጋጠሚያዎች ጠረግኩ፣ ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን ሽቦ ቀየርኩ፣ ለረጅሙም ለአጭሩም ከኮፈኑ ስር ሪሌ (ኃይሉን ከባትሪ በቀጥታ ወደ መብራቱ የሚያሳልፍ ማብሪያ) ደበቅኩ። ስመለስ ያው ሰውዬ ምንም ሳይል ፈረመ። እኔም ምንም አላልኩ፣ ግን በኋላ ማሳያ መስታወቴ እያየሁት ነው የወጣሁት።

ስትጨርሺ ጎማውን በልኩ ንፊ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ሰው አስቀምጪ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀሽ አቁሚያት። የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከመብራቱ መሐል ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ቀለበቱ ላይ ባሉት ሁለት ብሎኖች ይስተካከላል።

የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት አኃዝ ብቻ ጻፊልኝ፣ ሙሉውን እዚህ አትለጥፊ። 117 ከሆነ የቀኝ ቀለበት አንድ ትርፍ አለኝ፣ ኒኬሉ ትንሽ ተልጧል። ብር አልፈልግበትም።