ላይቭ ቻት ሲታመስ፦ ጥያቄና መልስ ከደንገል ጋር

አስተባባሪ፦ ከተራና ጥምቀት እየደረሱ ነው። ከጣና ዳር ላይቭ የምታስተላልፉ፣ በባሕር ዳር ከተማ ጨዋታ ላይ በላይቭ የምትወያዩ፣ ለእምቦጭ ነቀላ ገንዘብ የምታሰባስቡ ሁሉ ቻት ሲረበሽ ምን እንደሚደረግ ጋሼ ደንገልን ጠይቁ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አብረውን ናቸው።

ደንገል፦ እንደምን አመሻችሁ። ስትጠይቁ መድረኩን ጻፉ፤ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ወይስ ቴሌግራም። የአንዱ መቆጣጠሪያ ከሌላው ስለሚለይ መድረኩ ያልተጻፈበትን ጥያቄ አልፈዋለሁ።

ሽንብጥ፦ ጋሼ፣ ዩቲዩብ ነው። ድንገት 40 የሚሆኑ አካውንቶች ገብተው አንድ ዓይነት ስድብ ቢለጥፉ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ደንገል፦ ስድቡን በማጥፋት አትጀምር። መጀመሪያ ስሎው ሞድን (አንድ ሰው በስንት ሰከንድ አንዴ መጻፍ እንደሚችል የሚገድበውን) 60 ሰከንድ ላይ አድርግ፤ ዩቲዩብ ከ1 እስከ 300 ሰከንድ ይፈቅዳል። 40 አካውንት በየ3 ሰከንዱ ሲለጥፍ በደቂቃ 800 መልእክት ይወርዳል። በ60 ሰከንድ ግን ቢበዛ 40 ነው። 40ውን ሁለት ሰው ያጸዳዋል፣ 800ውን ማንም አይችለውም። ቀጥሎ ቻቱን ለሰብስክራይበር ብቻ አድርግ። ሰብስክራይብ ካደረጉ ምን ያህል መቆየት እንዳለባቸው መወሰን ስለሚቻል፣ ዛሬ የገቡት እንዳያልፉ ጊዜውን ከፍ አድርገው። ከዚያ የሚደጋገመውን ሐረግ ገልብጠህ የታገዱ ቃላት ውስጥ ክተት። አካውንቶቹ ጋ የምትደርሰው በመጨረሻ ነው። ያን ጊዜም መልእክቱን ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውን ከቻናሉ ደብቀው። መልእክት ብታጠፋ ሰውየው እዚያው ነው። ስትደብቀው ግን መደበቁ አይነገረውም፣ ስለዚህ ቶሎ ሌላ አካውንት ይዞ አይመለስም።

አቅራቢው ስድቡን በድምፅ አያንብብ። «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው» ብሎም አያንሣቸው። የመጡት ስማቸው እንዲነሣ ነው። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ፋሲሎ፦ ሲረጋጋስ መቼ ይከፈታል?

ደንገል፦ 10 ደቂቃ ጸጥ ሲል። መጀመሪያ የሰብስክራይበሩን ገደብ አንሣ፣ ስሎው ሞዱን 20 ሰከንድ ላይ አቆየው። ሁለቱን በአንዴ አትልቀቅ፣ አድፍጠው የሚጠብቁ አይጠፉም።

አባይ ማዶ፦ ኮሜንት አስቸገረን፣ ምን እናድርግ?

ደንገል፦ የት? ምን ዓይነት ኮሜንት? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ጎርጎራ፦ ጋሼ፣ ዩቲዩብ ነው። 30 የሚሆኑ የታገዱ ቃላት አስገብተናል፤ ስድቡ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ምን አጠፋን?

ደንገል፦ ጎበዝ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አብዛኛው የአማርኛ ዝርዝር የማይሠራው ፊደላችን አንድን ድምፅ በብዙ መልክ ስለሚጽፍ ነው። በንጹሕ ቃል ላሳይሽ፤ «ፀሐይ»ን ውሰጂ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። 2 ጊዜ 6፣ 12 አጻጻፍ ማለት ነው። ፊት ለፊቱ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ሲጨመር ያለ ምንም ከሚጻፈው ጋር 60 ይሆናል። እናንተ አንዱን አስገብታችሁ 59ኙን ክፍት ትታችኋል። መጨረሻው ደግሞ አለ፦ ፀሐዩ፣ ፀሐዬ፣ ፀሐያችን ሲባል ይ ራሱ ይለወጣል። ቋን ቁዋ ብሎ የሚጽፍ አለ፤ በፊደሎቹ መካከል ሁለት ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ የሚያስገባም አለ።

ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ናይትቦትን (ቻት በራሱ የሚያጸዳ ቦት ነው) ሞዴሬተር፣ ማለትም ቻት ጠባቂ፣ አድርጉትና ሥርዓተ ጥለት (regex፤ የአንድን ቃል ብዙ አጻጻፍ በአንድ መስመር የሚይዝ) ጻፉለት። መስመሩ በ ~/ ይጀምራል፣ በ / ይዘጋል። የ«ፀሐይ» እንዲህ ይሆናል፦

~/[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ][ይዩዬያ]/

ይህ አንድ መስመር 60ውንም ዕርባታዎቹንም ይይዛል፤ ቃሉ መሐል ላይ ቢሆንም ስለሚያገኘው ለ«የ» እና ለ«ለ» የተለየ መስመር አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ናይትቦት የሚያጠፋው መልእክቱ ከወጣ በኋላ ነው፣ ለአፍታ ይታያል። የዩቲዩብ የራሱ ዝርዝር ግን የላይቭ ቻት መልእክቱን ከመውጣቱ በፊት ይከለክላል። ስለዚህ እጅግ የከፉትን በዩቲዩብ ዝርዝር በሙሉ መልካቸው አስገቢ፣ የቀረውን ለናይትቦት ተዪ።

የብሔር ስም ግን ፈጽሞ አታግዱ። ስለ ራሱ በሰላም የሚጽፈውን ሰው ዝም ታሰኛላችሁ፤ ተሳዳቢው ደግሞ ስሙን ትቶ የእንስሳ ኢሞጂ ይለጥፋል። «አህያ» የሚለውን ቃልም እንዲሁ አታግዱ፤ ከገበያ በምታስተላልፉት ላይቭ ላይ ግማሹ ቻት ይጠፋል። እንዲህ ያለው በሰው ዓይን የሚታይ ነው።

ዘጌ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ለምን በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ በሙሉ አንከለክልም? ስድቡ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሚኒሶታ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ፊደል ገና እየተማሩ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉት በላቲን ነው። በከተራ ዕለት እነሱን ልትከለክል ነው?

ዘጌ፦ ይማሩ እንጂ። ፊደል ያለን ሕዝብ ነን።

ሚኒሶታ፦ እየተማሩ ነው አልኩህ። አንተ አካባቢ ያለው ወጣት ሁሉ በላቲን አይደለም እንዴ ቴክስት የሚያደርገው?

ፋሲሎ፦ እሱስ እውነት ነው፣ ስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው የሚጽፍም አለ።

ደንገል፦ ይብቃ። ሁለታችሁም ለፊደሉ ተቆርቁራችሁ ነው፤ ጉዳዩ ግን ቻት ነው። ላቲንን በሙሉ መዝጋት ከደርዘን ተሳዳቢ ጋር መቶ እንግዳ ማባረር ነው። በላቲን የሚጻፉትን ስድቦች እንደ አማርኛው በየመልካቸው አስገቡ። ሥርዓተ ጥለት እዚያም ይሠራል።

ደቅ፦ ዩቲዩብ። ላይቭ ላይ እያለን «ጀልባ ተገለበጠ» የሚል ወሬ ቻቱን ቢሞላው?

ደንገል፦ «ውሸት ነው» አትበሉ፣ «እውነት ነው»ም አትበሉ። አንዱን ያለ ማረጋገጫ ብትሉ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። መጀመሪያ ስሎው ሞድ 60። ቀጥሎ አንድ መልእክት ፒን አድርጉ (ከቻቱ አናት ላይ ተለጥፎ እንዲቆይ)፤ «ስለ ጀልባ የተጻፈውን እያጣራን ነው። በቦታው ያለ ሰው ወደ ፖሊስ 991 ወይም ወደ ቀይ መስቀል 907 ይደውል» የሚል ይበቃል። «ያየ ሰው አለ?» ብላችሁ ቻቱን አትጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ግምት ነው። የሟች ስም ወይም ፎቶ የሚለጥፍ ካለ ወዲያው ይጠፋ። ቤተሰብ ከቻት መስማት የለበትም። አንድ ሞዴሬተር ደውሎ የሚያጣራ ይሁን፤ ሌሎቹ ከቻቱ ዓይናቸውን አያንሡ። አቅራቢው የፒኑን ቃል ያነባል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ሕዝብ ከበዛበት ቦታ ስታስተላልፉ የዩቲዩብን 30 ወይም 60 ሰከንድ መዘግየት አስቀድማችሁ አብሩት። አደጋ ካሜራው ፊት ቢደርስ ለመቁረጥ ጊዜ ታገኛላችሁ። በመዘግየቱ ምክንያት ቻቱ ከሥዕሉ ኋላ ቀርቶ ይመጣል፤ ሞዴሬተሮቹ ይህን ካላወቁ ተመልካቹ ስለ ምን እንደሚጽፍ ግራ ይገባቸዋል።

ሽንብጥ፦ ለእምቦጭ ነቀላ ስናሰባስብ የራሱን ቁጥር የሚለጥፍ ሰው አለ።

ደንገል፦ ይህ ሌብነት ነው፣ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም። ከ09፣ ከ07 ወይም ከ1000 የሚጀምር ማንኛውም ቁጥር ቻቱ ላይ ከታየ አጥፋና ሰውየውን ደብቅ። ትክክለኛው የቴሌብርና የባንክ ቁጥር ሥዕሉ ላይ ይጻፍ፣ ቻት ላይ ግን በጭራሽ አይጻፍ። ያን ጊዜ ሞዴሬተሩ ማጣራት ሳያስፈልገው ቻት ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ያጠፋል። የቻናሉን ስምና ምስል አስመስሎ የሚገባም ስላለ፣ ሞዴሬተር ሁሉ በስሙ ጎን የሚታየውን የሞዴሬተር ምልክት ለተመልካች ያሳውቅ።

ጎርጎራ፦ ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ የሚጽፍ ሰው ቢመጣስ?

ደንገል፦ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። እንደ ስፓም አጥፍታችሁት አትለፉ። ዩቲዩብ ቻት ላይ የግል መልእክት የለም፤ ስለዚህ አንድ ሞዴሬተር ብቻ በስሙ ጠርቶ «ወንድሜ፣ አይተንሃል፣ አሁን አጠገብህ ሰው አለ?» ይበለው። ቁጥር 907ን ይስጠው። የሚያሾፍበትንና «አድርገው» የሚለውን ያለ ማስጠንቀቂያ ደብቁ። እንዴት እንደሚያደርገው የሚዘረዝረው ጽሑፍ ካለ እሱ ብቻ ይጥፋ። ሞዴሬተሩ ከእሱ ጋር ሲሆን የእሱን ሥራ ሌላ ሰው ይረከብ።

ፋሲሎ፦ ፌስቡክና ቴሌግራምስ?

ደንገል፦ ፌስቡክ ላይ ላይቭ ኮሜንቱን ለተከታይ ብቻ፣ ወይም ቢያንስ 15 ደቂቃ ለተከተለ ብቻ ማድረግ ይቻላል። ለወረራ ሁለተኛው ይሻላል። ቴሌግራም ስሎው ሞድ አለው፤ 200 አባል ያለፈ ግሩፕ ጠንከር ያለውን የስፓም መከላከያ ማብራት ይችላል። የአስተዳዳሪዎች ድርጊት መዝገብ የሚቆየው 48 ሰዓት ስለሆነ ማስረጃ የሚያስፈልጋችሁ በዚያው ቀን ስክሪንሾት አንሡ።

አባይ ማዶ፦ ቲክቶክ ላይ ገንዘብ የሚሰጠው ስንት ተከታይ ሲኖር ነው?

ደንገል፦ ይህ የዛሬ ጥያቄ አይደለም።

ደቅ፦ ጋሼ፣ ሕጉስ? እኛን ይነካናል?

ደንገል፦ ዝርዝሩን ጠበቃ ጠይቁ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ሁላችሁም ልታነቡት የሚገባ ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አለው። አቅራቢው የቻቱን ወሬ አያንብብ የምለው ለዚህም ነው።

ዘጌ፦ ስንት ሞዴሬተር ይበቃል?

ደንገል፦ ለከተራ ላይቭ ከአራት አይነስ። ሁለቱ ቻቱን ያያሉ፣ አንዱ ዩቲዩብ ሳያወጣ ለግምገማ የያዛቸውን መልእክቶች ያጣራል፣ አንዱ ከአቅራቢው ጋር ይነጋገራል። በየ30 ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ስድብ ለረጅም ጊዜ ሲነበብ ዓይን ይለምደዋል፣ ማለፍ የሌለበት ያልፋል። አራቱም አንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዋይፋይ አይጠቀሙ። መብራት ሲጠፋ አራቱም ይጠፋሉ። አንዱ ከባሕር ዳር ውጪ ይሁን፣ እንደ ሚኒሶታ ያለ ሰው።

ሰዓት ስትመዘግቡም ተጠንቀቁ። አንዱ በእኛ 2 ሰዓት፣ ሌላው በስልኩ 8 ሰዓት ብሎ ከጻፈ ማስረጃው አይገናኝም። የላይቩን ርዝመት ጻፉ፤ «ላይቩ በተጀመረ በ1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ» ማለት ይበቃል።

አባይ ማዶ፦ ስድብ ሲበዛ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ደንገል፦ ሽንብጥ ጠይቆታል፣ መልሱ ከላይ አለ። ድጋሚ አልጽፈውም።

ጎርጎራ፦ ከበዓሉ በፊት መሞከር ይቻላል?

ደንገል፦ ይቻላል፣ ይገባልም። ጥር 8 ማታ በሊንክ ብቻ የሚታይ ላይቭ ለ15 ደቂቃ ክፈቱ። ሞዴሬተር ያልሆነ አንድ ሰው ወራሪ ይሁንና የታገደ ቃል በየመልኩ ይጻፍ፣ የሐሰት ቁጥር ይለጥፍ። ስሎው ሞድ ሞዴሬተርንና የቻናሉን ባለቤት ስለማይይዝ በራሳችሁ አካውንት አትሞክሩት። ያለፈውን ቃል ሁሉ ጻፉና በዚያው ማታ ወደ ዝርዝሩ ጨምሩ።