ኢንጀክተር ልቀይር ወይስ ይቅር? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ኮሮላዬ 1.6 ነው፣ ቱርቦ የለውም። የአየር ፊልትሮና ማርሚታ ቀይሬያለሁ። መካኒኬ «ትልቅ ኖዝል (ኢንጀክተር፣ ቤንዚን የሚረጨው) ካስገባን ጉልበት ይጨምራል» ይለኛል። ላስገባ?

መልስ፦ አታስገባ ወንድሜ። ጉልበት የሚመጣው ሞተሩ ከሚስበው አየር ነው፤ የኢንጀክተር ሥራ ለዚያ አየር የሚመጥን ቤንዚን መስጠት ብቻ ነው። ፊልትሮና ማርሚታ የሚጨምሩት አየር ጥቂት ስለሆነ የፋብሪካው ኢንጀክተር ሳይቸገር ይችለዋል። የምትነዳው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ እዚህ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ለባሕር ወለል ተለክቶ የተሠራው ኢንጀክተር እዚህ ትርፍ አቅም አለው። ገንዘቡ ካለህ ያሉትን በማሽን አስፈትሽና አሳጥባቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አቅሙ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። በ6,000 አር.ፒ.ኤም (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ሞተሩ ሁለት ዙር ለመዞር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ ውስጥ ኢንጀክተሩ 16ቱን ተከፍቶ ከቆየ 80 በመቶ ደርሷል፤ ዲዩቲ ሳይክል የሚባለው ይህ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰክተህ፣ ሙሉ ቤንዚን ስትረግጥ ኢንጀክተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ሚሊ ሰከንድ በአር.ፒ.ኤም አባዛና ለ1,200 አካፍለው፤ በመቶኛው ይወጣልሃል። ቁጥሩን አብሮህ የተቀመጠ ሰው ያንብብ፣ አንተ መንገዱን እይ። 60ዎቹ ውስጥ ከሆነ ስለ ኢንጀክተር አታስብ። ከ85 ካለፈ ግን አትዘግይ፤ በሙሉ ጭነት ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተን ያቀልጣል።

ጥያቄ፦ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሬ ላይ ቱርቦ ላስገጥም ነው፣ 250 የፈረስ ጉልበት እፈልጋለሁ። ስንት ሲሲ ኢንጀክተር ልግዛ?

መልስ፦ አንተ መቀየርህ አይቀርም። ለቱርቦ ሞተር በአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.6 ፓውንድ ቤንዚን ያዝ። 250 በ0.6 ሲባዛ 150፤ ለ4 ኢንጀክተር ሲካፈል 37.5። ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ለ0.8 ስታካፍለው 47 ፓውንድ ገደማ ነው። አንድ ፓውንድ በሰዓት ማለት 10.5 ሲሲ በደቂቃ ስለሆነ፣ የሚያስፈልግህ 490 ሲሲ አካባቢ ነው። እኔ ብሆን 550 እገዛ ነበር። የኛ አገር መንገድ ቁልቁለት አለው፦ አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ ግማሽ ባር የሚነፋ ቱርቦ፣ አዋሽ ስትወርድ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። ፓምፑም ይህን ያህል መግፋት መቻሉን ሳታረጋግጥ ኢንጀክተር አትግዛ። 1,000 ሲሲውን ደግሞ ተው፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የምትፈልገውን ጥቂት ጠብታ በትክክል መቁጠር ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ከምቀይር የነዳጁን ግፊት ባሳድገውስ?

መልስ፦ ከ3 ወደ 4 ባር ብታሳድገው ፍሰቱ የሚጨምረው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲጨምር ደግሞ ፓምፑ የሚያቀብለው መጠን ይቀንሳል። ትንሽ ለጎደለው ይጠቅማል፣ ለቱርቦ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ኢ85 (ኢታኖል የበዛበት ነዳጅ) ብጠቀምስ?

መልስ፦ ከቤንዚን 30 በመቶ ያህል የበለጠ ይጠጣል። ከላይ 490 ያልነው 640 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትልቁን ከገጠምኩት በኋላ የመኪናዬ ኮምፒውተር ራሱ አያስተካክለውም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቂቱን ልዩነት ያስተካክላል፤ ከዚያ ካለፈ አይችልም። ኮምፒውተሩ አሁንም አሮጌው ኢንጀክተር ያለ እየመሰለው ይከፍታል፣ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ካርተር (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ይወርዳል። የዘይቱን ዲፕስቲክ አውጥተሽ አሽትቺ፤ ቤንዚን ከሸተተሽ ሞተሩን አታስነሺው። ቱዩን የሚያደርግልሽ (ኮምፒውተሩን ለአዲሱ ኢንጀክተር የሚያስተካክልልሽ) ሰው ሳታገኚ ኢንጀክተሩን አታስገጥሚ። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የኢንጀክተሩ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ በሙልቲሜትር ይለካ፦ ፋብሪካው የሰጠሽ ከ12 እስከ 16 ኦም ሆኖ የሚሸጥልሽ 2 ወይም 3 ኦም ካሳየ፣ በቀጥታ ሲሰካ የኮምፒውተሩን ሰርኪት ሊያቃጥለው ስለሚችል ለሻጩ መልሺለት።