ስለ ሥጋ ደዌ ሚሲዮን ጠይቁኝ

በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከሥጋ ደዌ ታካሚዎች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዘ ሌፕሮሲ ሚሽን ስለሚባለው ክርስቲያናዊ የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ በተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መሥራቹ ማን ነው? ሐኪም ነበር?

ሐኪም አልነበረም። ዌልስሊ ቤይሊ የሚባል አየርላንዳዊ መምህር ነው። በ1869 ወደ ሕንድ የተጓዘው ፖሊስ ልሁን ብሎ ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ፑንጃብ ውስጥ፣ አምባላ በምትባል ከተማ፣ በአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥር ማስተማር ጀመረ። ከሚሲዮኑ ባልደረቦች አንዱ ሕሙማን ወደሚኖሩባቸው ጎጆዎች ወሰደው። በሥጋ ደዌ ምክንያት ቤተሰብም መንደርም የጣላቸው ሰዎች ነበሩ። ያየው ነገር ከአእምሮው አልወጣም። በ1874 ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር አየርላንድ ሳሉ፣ ደብሊን አጠገብ ለሚኖሩ የፒም ቤተሰብ እህትማማቾች ነገሩን አጫወቷቸው። እህትማማቾቹም በዓመት 30 ፓውንድ ለመሰብሰብ ቃል ገቡ። የተሰበሰበው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ በለጠ። ድርጅቱ የተወለደው እንዲህ ነው። የቤይሊ ስም ሲነሳ የነዚህ ሴቶች ስም ተከትሎ አለመነሳቱ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት በሌለበት ዘመን ምን ያክሙ ነበር?

ማዳን አይችሉም ነበር። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 ነው። የሚሠራ መድኃኒት ግን እስከ 1940ዎቹ አልተገኘም። በመሃል ያለው ዘመን የመጠለያ፣ የምግብና የቁስል እጥበት ዘመን ነበር። ቻውልሙግራ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ሕመሙ ብዙ፣ ጥቅሙ ትንሽ። በሕንድ ፑሩሊያ በ1888 የተጀመረው ማዕከል ዛሬም ሆስፒታል ሆኖ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ሕሙማንን አግልለው ያስቀምጡ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በብዙዎቹ መጠለያዎች ወንድና ሴት ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ጤነኛ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተነጥለው በሌላ ቤት ያድጉ ነበር። ይህን ያደረጉት በሽታው እንዳይተላለፍ ነው፤ የዘመኑ ብዙ ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ልጇን ለተወሰደባት እናት ይህ ማጽናኛ አይሆንም፤ እኔም ልሸፋፍነው አልፈልግም። በሌላ በኩል እነዚያው ቤቶች ማደሪያ ለሌለው ሰው በር ከፍተዋል።

ሕጉም የራሱን ጉዳት አድርሷል። በሕንድ ሕሙማንን ይዞ ማግለልን የፈቀደው የ1898ቱ የቅኝ ግዛት ሕግ የተሻረው በ2016 ነው። ሥጋ ደዌ ለፍቺ ምክንያት መሆኑ የቀረው ደግሞ ገና በ2019።

ጥያቄ፦ የታካሚዎች ጣት ለምንድነው የሚወድቀው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ጣት በራሱ አይወድቅም። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል፣ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። ከዚያ በኋላ የጋለ ድስት ሲይዙ አያቃጥልም፣ ምስማር ሲረግጡ አይሰማም። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ አጥንት ይነካል፣ ጣት በጥቂት በጥቂቱ ያጥራል። ተኝተው ሳለ አይጥ ጣታቸውን ሲበላ ያልነቁ ሰዎች ነበሩ።

ይህን አጥርቶ ያሳየው ዶክተር ፖል ብራንድ ነው። ከሚሲዮናውያን ወላጆች ሕንድ ውስጥ ተወልዶ፣ ከ1946 ጀምሮ እዚያው ሕንድ በቬሎር ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ ያገለገለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። የእጅ አንጓን የሚያንቀሳቅስ ጤነኛ ጅማት ወስዶ፣ ለአራት ከፍሎ፣ ሽባ ወደሆኑት ጣቶች ያዛውር ነበር። ከዚያ በኋላ የእኛ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቹ ሥራ ይጀምራል። ታካሚውን «አንጓህን ወደ ላይ አንሳ» ትለዋለህ፤ ያንን ሲሞክር የሚንቀሳቀሱት ጣቶቹ ናቸው። መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ቀስ በቀስ አእምሮው ይለምደዋል፣ ኩባያም መያዝ ይጀምራል።

ግን ቀዶ ሕክምና ስሜትን አይመልስም። ስለዚህ ዕለት ዕለት ራስን መንከባከብ የግድ ነው። እግርን በንጹሕ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፣ የጠነከረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጎ መፈግፈግ፣ ቆዳው ሳይደርቅ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት። የውሃውን ሙቀት ግን በደነዘዘ እጅ አትለኩ፤ ስሜት ያለው ሰው ይለካላችሁ። ከዚያ ለስላሳ ውስጠኛ ሶል ያለው ጫማ ማድረግ። ብዙ እግር ከመቆረጥ ያዳነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከእኛው አለርት ጋር ይገናኛል?

አዎ። የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት በ1965 አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ድርጅቱ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ከመላው አፍሪካ የመጡ የጤና ባለሙያዎች ሥጋ ደዌን ማከም እዚያ ተምረዋል።

ጥያቄ፦ ልዕልት ዳያናስ?

የድርጅቱ የበላይ ጠባቂ ነበረች። በ1989 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታካሚዎችን እጅ ያለ ጓንት ስትጨብጥ የተነሳው ፎቶ በዓለም ዙሪያ ታይቷል።

ጥያቄ፦ ለመታከም ክርስቲያን መሆን ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ድርጅቱ እምነቱን አይደብቅም፤ ሕክምናው ግን ሃይማኖት አይለይም። በሕንድ፣ በኔፓልና በባንግላዲሽ አብዛኞቹ ታካሚዎች ሂንዱና ሙስሊም ናቸው።

ጥያቄ፦ በሽታው ጠፍቷል ሲባል ሰምቼ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ?

አልጠፋም። በ2023 ብቻ በዓለም ላይ ከ180,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከግማሽ በላይ በሕንድ። ባክቴሪያው በጣም ዝግተኛ ነው፤ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴ 20 ዓመት ይፈጃል። ደግነቱ አብዛኛው ሰው ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። በባንግላዲሽ የተደረገ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከታማሚ ጋር ለሚኖሩና ለሚቀራረቡ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሪፋምፒሲን የሚባል መድኃኒት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት አዲስ ሕመምን በ57 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ይህን መክሯል።

ጥያቄ፦ እናቴ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ፊቷ ጠቆረ። ታቁመው?

እህቴ፣ በፍጹም! ከመድኃኒቶቹ መካከል የሚያጠቁረው ክሎፋዚሚን የሚባለው ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ካቋረጠች ግን ነርቯ ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ነው። ከቤት መውጣት ካስጠላት አብረሻት ሂጂ፤ ለሐኪሟም ንገሪው።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ የማያሳክክ ነጣ ያለ ነገር ወጥቷል። ልፍራ?

ብዙ ጊዜ ሌላ ቀላል የቆዳ ችግር ነው። ዓይንህን ጨፍን፣ ሰው በጥጥ ጫፍ ይንካህ። ቦታው ላይ መነካቱ ካልተሰማህ ዛሬ ነገ ሳትል ጤና ጣቢያ ሂድ። ተሰምቶህም ቢሆን ካልጠፋ ታይ። አላመመኝም ብለህ አትቆይ፤ ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም። መድኃኒቱ በነጻ ነው።