ጥያቄና መልስ፦ ከኪስ ኮምፒውተር የወጣ የተግባር ዝርዝር

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩበት ፓልም የኪስ ኮምፒውተር ከመበላሸቱ በፊት የተግባር ዝርዝሬን በፒዲቢ ፋይል ገልብጬ አስቀምጬ ነበር። አሁን ዝርዝሩን ወደ ስልኬ ለማስገባት ፈልጌ የፋይሉን ቅጥያ (ከስሙ ነጥብ በኋላ የሚመጡትን ፊደላት) ወደ ሲኤስቪ ለውጬ በኤክሴል ብከፍተው፣ ጥቂት የሚነበቡ ቃላት ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተከበው ወጡ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? ካልተበላሸስ እንዴት ልቀይረው?

መልስ፦ ፋይልዎ የተበላሸ አይመስልም፤ እንዲያውም የሚነበቡ ቃላት ማየትዎ ደግ ምልክት ነው። ቅጥያ መለወጥ ኤክሴልን ከማሳሳት በቀር በፋይሉ ውስጥ ያለውን አንዲት ባይት አይነካም። ስለዚህ የፊተኛውን ስም ይመልሱለት፤ ከዚያም አንድ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡና የሚሞክሩትን ሁሉ በሌላኛው ቅጂ ላይ ይሞክሩ።

ሲኤስቪ በጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው የሚያነቡት፣ ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩ ተራ ጽሑፍ ሲሆን፣ ፒዲቢ ግን የማስታወሻ አቅሙ ትንሽ ለነበረ መሣሪያ ተጨምቆ የተሠራ ዳታቤዝ ነው። መጀመሪያ የዳታቤዙን ስም፣ ዓይነትና የመዝገቦቹን ብዛት የያዘ የ78 ባይት ራስጌ ይመጣል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መዝገብ 8 ባይት የሚይዝ ማውጫ አለ፤ 4ቱ ባይቶች መዝገቡ ከየት እንደሚጀምር፣ አንዱ የምድቡን ቁጥርና የምስጢር ምልክቱን፣ ቀሪዎቹ 3 መለያ ቁጥሩን ይነግራሉ። በተለመደው የተግባር ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ተግባር በ2 ባይት የጊዜ ገደብ ይጀምርና፣ አንድ ባይት ለቅድሚያ ደረጃ ተሰጥቶ፣ ከዚያ የተግባሩ ጽሑፍና አባሪ ማስታወሻው ይከተላሉ። እርስዎ በኤክሴል ያነበቧቸው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለት ነው።

ፓልም ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በአንድ ቁጥር አጣምሮ ይጽፋል፤ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቀን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2004 በፓልም ዘንድ 51311 የሚል ቁጥር ነው። ዓመቱ ከ1904 ጀምሮ ስለሚቆጠር 100 ይሆናል፤ 100 በ512 ሲባዛ 51200፣ ሦስተኛው ወር በ32 ሲባዛ 96፣ በዚህ ላይ 15 ቀን ሲደመር 51311 ይሞላል። በፋይሉ ውስጥ 200 እና 111 በሚሉ ሁለት ባይቶች፣ የቁጥሩን ከፍተኛ ክፍል የያዘው 200 ቀድሞ፣ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ መቀየሪያ 111ን አስቀድሞ ካነበበ፣ የተግባሩ የጊዜ ገደብ የ1959 አሥራ አራተኛ ወር ስምንተኛ ቀን ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ስህተት ወዲያው ስለሚታይ ብዙ አያሳስብም። የጊዜ ገደብ ያልተሰጠው ተግባር ሁለቱም ባይቶቹ 255 ሆነው ይቀመጣሉ፤ ይህን የማያውቅ መቀየሪያ ደግሞ ገደብ ለሌላቸው ተግባራት ሁሉ ሊኖር የማይችል ቀን ይሰጣቸዋል። በነገራችን ላይ ለዓመቱ የተያዙት 7 ቢቶች (አንድ ባይት 8 ቢት ነው) ብቻ ስለሆኑ ይህ አጻጻፍ ከ2031 በኋላ ያለ ቀን ሊይዝ አይችልም።

ሥራውን በእጅዎ መሥራት አያስፈልግዎትም። ለሊኑክስ የተዘጋጀው ጄፓይለት (J-Pilot) የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይህን ዳታቤዝ ያነባል፤ ዝርዝሩንም በሲኤስቪ ወይም የቀን መቁጠሪያና የተግባር ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በአይካለንደር ፎርማት ያወጣል። አስቀድመው ግን የፋይሉን ስም ይመልከቱ። ስሙ ቱዱ ዲቢ (ToDoDB) ከሆነ ከላይ የተገለጸው የቆየው አሠራር ነው፤ ታስክስ ዲቢ (TasksDB) በሚል የሚጀምር ከሆነ ግን በኋለኞቹ የፓልም መሣሪያዎች ላይ የመጣው የተለየ አሠራር ስለሆነ ለቀድሞው ብቻ የተሠራ መቀየሪያ አይሆነውም።

ለስልክዎ የምንመክረው አይካለንደርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ይህ መስፈርት በ2009 የታደሰ ሲሆን፣ ለተግባር ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ የጊዜ ገደቡ፣ ደረጃው፣ ምድቡና መጠናቀቁ እያንዳንዳቸው የታወቀ ስም ባለው መስክ ይቀመጣሉ። ሲኤስቪ ግን የትኛው ዓምድ ምን እንደያዘ የሚወስን የጋራ ስምምነት የለውም፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ዓምዶቹን እንዲያዛምዱለት ይጠይቅዎታል ወይም ራሱ ይገምታል። ያም ሆኖ ሲኤስቪውንም እንዲያወጡ እንመክራለን፤ ጥቅሙ ለማመሳከሪያ ነው። የተግባራቱን ብዛት፣ የተጠናቀቁትን ብዛትና ገደብ የሌላቸውን ብዛት ከዚያ ላይ ይቁጠሩና ስልክዎ ላይ ከገቡት ጋር ያስተያዩ።

ሲኤስቪውን ሲከፍቱ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አባሪ ማስታወሻ በውስጡ ኮማ ወይም አዲስ መስመር ካለው ጠቅላላው በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ አንዱ ተግባር ሁለትና ሦስት ረድፍ ይሆናል። ኤክሴል ደግሞ ቀን የመሰለውን ሁሉ በራሱ ልማድ ስለሚተረጉም፣ ወርና ቀን እንዳይለዋወጡ ቀኑ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል መጻፉን ያረጋግጡ። ዝርዝሩ በአውሮፓ ቋንቋዎች ከተጻፈና ምልክት የሚደረግባቸው ፊደላት ካሉበት፣ ፓልም ይጠቀምበት የነበረው የዊንዶውስ 1252 ዓይነት ኢንኮዲንግ (ፊደላት በቁጥር የሚወከሉበት ስልት) ወደ ዩቲኤፍ 8 መለወጥ አለበት፤ አለዚያ እነዚያ ፊደላት ብቻ ተለይተው ይበላሻሉ።

ስለ ምስጢራዊ ተግባራት አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በፓልም ላይ «ምስጢር» ያሉት መዝገብ ከዕይታ የተደበቀ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም። ሲቀየር ከሌሎቹ ጋር በግልጽ ጽሑፍ ይወጣልና ፋይሉን ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት ይመርምሩት።

ጥያቄ፦ እኔ መቀየሩን አጠናቅቄያለሁ፤ ነገር ግን በአዲሱ ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ሁሉም ተግባር «አስቸኳይ» ሆኗል። ከዓመታት በፊት የፈጸምኳቸው ሥራዎችም ዛሬ እንደተፈጸሙ ተመዝግበዋል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የመቀየሪያው ነው። ፓልም ከ1 እስከ 5 ያሉ ደረጃዎች ሲኖሩት አይካለንደር ከ1 እስከ 9 ይቆጥራል፤ በሁለቱም 1 ከፍተኛው ነው። በአይካለንደር መስፈርት መሠረት ከ1 እስከ 4 ያሉት ሁሉ ከፍተኛ፣ 5 መካከለኛ፣ ከ6 እስከ 9 ያሉት ዝቅተኛ ናቸው። መቀየሪያው ቁጥሮቹን እንዳሉ ከገለበጣቸው፣ በፓልም ከታች የነበረው 5 መካከለኛ ይሆናል፤ የተቀሩት በሙሉ ወደ ከፍተኛ ይወጣሉ። 1ን እንዳለ ትተው፣ 5ን በ9፣ 4ን በ7፣ 3ን በ5፣ 2ን በ3፣ በዚሁ ቅደም ተከተል እየተኩ ፋይሉን ካረሙት ልዩነቱ ይመለሳል።

የመጠናቀቂያው ቀን ግን የሚመለስ አይደለም፤ ድሮውንም አልነበረምና። የቆየው የፓልም መዝገብ ተግባሩ መፈጸሙን የሚያሳይ አንድ ቢት ብቻ አለው፤ መቼ እንደተፈጸመ አይመዘግብም። መቀየሪያው ባዶውን ቦታ ለመሙላት የዕለቱን ቀን ጽፎበታል። በአይካለንደር የተጠናቀቀበት ጊዜ ግዴታ ስላልሆነ፣ ሁኔታው «ተጠናቋል» የሚለውን ትተው የቀኑን መስመር ቢሰርዙ ይሻላል። የሌለ መረጃ ባዶ ሆኖ ቢታይ እንመርጣለን።

እግረ መንገድዎን የጊዜ ገደቦቹንም ይፈትሹ። ፓልም ለተግባር ቀን እንጂ ሰዓት አይሰጥም። መቀየሪያው ቀኑን በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አድርጎ ከጻፈው፣ ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ላለ ሰው ገደቡ በአንድ ቀን ቀድሞ ይታያል። መስኩ ቀን ብቻ የያዘ መሆኑ በፋይሉ ውስጥ መገለጽ አለበት።

ጥያቄ፦ የእኔ ዝርዝር በዋና ሥራና በንዑስ ሥራዎች የተደራጀ ነው። ወደ ሲኤስቪ ስለውጠው ሁሉም እኩል ተደርድሮ ወጣ። የሚጠብቅልኝ ፎርማት አለ?

መልስ፦ መዋቅሩን በሚገባ የሚጠብቀው ኦፒኤምኤል ነው፤ አንዱን ሐሳብ በሌላው ውስጥ እያስገባ ለመጻፍ ተብሎ የተሠራ ነውና። ነገር ግን ለጊዜ ገደብና ለመጠናቀቅ የጋራ መስክ አልተበጀለትም፤ እነዚህን እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ስም ስለሚጽፋቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ሊጠፉ ይችላሉ። አይካለንደር ንዑሱን ሥራ ከዋናው መለያ ቁጥር ጋር የሚያያይዝበት መስክ አለው፤ ሆኖም ሁሉም ተቀባይ ፕሮግራም አያነበውም። በሲኤስቪ መቆየት ከፈለጉ ከመቀየርዎ በፊት ሁለት ዓምዶች ይጨምሩ፤ አንደኛው የተግባሩን መለያ ቁጥር፣ ሁለተኛው የዋናውን ሥራ መለያ ቁጥር ይያዝ። የዋናውን ሥራ ስም ለዚህ አይጠቀሙበት፤ ሁለት ሥራዎች አንድ ስም ሲኖራቸው ንዑሶቹ ይደባለቃሉ።