«ጋደም ስል የሰነፍኩ ይመስለኛል»

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አማቴን አስታምማለሁ። ቅዳሜና እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ፤ የማኅበራችን ዝክር ሲደርስም ጠላውና ዳቦው እኔን ይጠብቃል። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣሁ አማቴን አገላብጣለሁ። አሁን አሁን በልጆቹ ላይ እጮኻለሁ፣ ለጸሎት ቆሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጋደም ስል ደግሞ የሰነፍኩ ይመስለኛልና ወዲያው እነሣለሁ። ምን ላድርግ? (ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ይህ ስንፍና አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሐዋርያት ከስብከት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ስለነበር ለመብላት እንኳ ጊዜ አጡ። ጌታም ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። ሕዝቡ ቀድሟቸው ደርሶ ዕረፍቱ ተቋረጠ እንጂ ትእዛዙ አልተሻረም። ኤልያስም ሞቱን ለምኖ ከክትክታው ሥር ሲተኛ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው። ወደ ኮሬብ የ40 ቀን መንገድ የሄደው በዚያ ምግብ ኃይል ነው።

አስቀድሞ የሚስተካከለው ሌሊቱ ነው። የተቆራረጠ እንቅልፍ ሰዓቱ ቢደመር እንኳ ያልተቋረጠውን አይተካም፤ ንዴቱም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ከባለቤትሽ ወይም ከሌላ የቤት ሰው ጋር ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፦ አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላው ከ8 እስከ ጠዋቱ 1። ተራው ያልሆነው በሌላ ክፍል ይተኛ፤ እዚያው ከተኛ በትንሽ ድምፅ ሁሉ ይነቃል። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋልና የጎደለውን ከቀትር በኋላ ሙዪው። በረካው ከ9 ሰዓት አይለፍ፤ የመሸ ቡና ሌሊቱን ይወስድብሻል።

ማገላበጡ የሚያስፈልገው ቆዳቸው በአንድ ቦታ ተጭኖ ደም እንዳያጣና እንዳይቆስል ነው። ፍራሻቸው ጥሩ ከሆነና ቆዳቸው ካልቀላ የሌሊቱ ልዩነት ይራዘም እንደሆነ የጤና ባለሙያ ጠይቂ። ስታገላብጪ በብብታቸው ይዘሽ አትጎትቻቸው፤ የእሳቸው ትከሻና የአንቺ ወገብ ይጎዳል፣ ቆዳቸውም በፍራሹ ላይ ይፋቃል። ይልቅ ወፍራም አንሶላ ለሁለት አጥፈሽ ከትከሻቸው እስከ ታፋቸው ከሥራቸው አንጥፊ። ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ከሰውነታቸው አጠገብ ጨብጡት፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ወገባችሁን ሳታጎብጡ እኩል ሳቡ። ከጀርባቸው ትራስ ደግፊ፣ በጉልበቶቻቸው መካከል ስስ ትራስ ጨምሪ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርጊ።

ሰው ሁሉ «እናግዝሽ» ይላል፣ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚያግዝ ስላልተነገረው ነው። «ሐሙስ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ከእማማ ጋር ተቀመጪልኝ» ብለሽ ቀንና ሰዓት ቁረጪ። ከቅሬ (ከእድር) ሰዎች ጀምሪ። ወሎ ውስጥ ሆነሽ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤትሽን መጠየቅ አትርሺ፦ እሑድ ጠዋት አንቺ ቅዳሴ ስትሄጂ እሷ ቤት ናት፤ አንቺም ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ልጆቿን ትይዥላታለሽ። ለሚተካሽ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት፣ አማትሽ የሚበሉትን፣ መጨረሻ የተገላበጡበትን ሰዓትና ጎን ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ይህ ካልተጻፈ በየአሥር ደቂቃው ስለሚደወልልሽ ዕረፍቱ ዕረፍት አይሆንም።

ከማስተማሩ ወይም ከዝክሩ አንዱን ለጊዜው ማስረከብ ሊያስፈልግሽ ነው። የእኛ ምክር ዝክሩን ነው፤ ለመጥመቅና ለመጋገር ሌላ እጅ ይገኛል፣ ልጆቹ ግን አንቺን ለምደዋል። ዮቶርም ሙሴን ብቻውን ከሠራ እሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነግሮት ሸክሙን ለሺህ፣ ለመቶ፣ ለአምሳና ለአሥር አለቆች አካፍሎታል (ዘፀአት 18)።

በጾም የሚያዞርሽ ከሆነ በራስሽ አትወስኚ፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ስትፈቺ ውኃና ሽሮ ወይም ምስር ይቅደም፣ ቡናው ይከተል። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ ወደ ሐኪም ሂጂ፤ ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን አትቆዪ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም።

ጥያቄ፦ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ምእመናንን ለማስተናገድ እንወጣለን። ስንመለስ ግማሾቻችን ሳምንት እንታመማለን። (ወጣት አገልጋዮች፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ግሸን ብርድ እንቅልፍ አጥታችሁ መውጣታችሁ ነው የሚጥላችሁ። ከመስከረም 18 ጀምሮ ምሽት 3 ሰዓት ተኙ። ዳገቱን የወጣ ሰው በዚያው ሌሊት ተራ አይያዝ። ተራው ከአራት ሰዓት አይብለጥ፣ የሚያርፈውን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ይመደብ፤ «እኔ አልደከመኝም» የሚለው ሁልጊዜ አለና ሥልጣን ይኑረው። ጋቢና ደረቅ የእግር ሹራብ ያዙ። ውኃው የፈላ ወይም በመድኃኒት የታከመ ይሁን፣ ምግብ ከማደላችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ተቅማጥ ከቡድን ቡድን የሚዛመተው በዚያ ነው። መስከረም 22 እና 23 ጉባኤም ሆነ ልምምድ ካላችሁ ወደሚቀጥለው ሳምንት አሻግሩት።